ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የኮሌጅ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ከተደረገ ንግግር፤ ተናጋሪው እንደገና አርሞ ጽፎታል።

እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ መድረክ ላይ ከመውጣቴ ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ ውጭ ቡና ሲቀዳ፣ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ልጄ፣ ጠበቃ ነህ አሉኝ» አሉ። ነኝ አልኳቸው። «እንግዲያው አንድ ነገር ተባበረኝ። ያቺ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰችው የእኔ ናት። ሕግ አጠናለሁ ትላለች፤ ታጥና፣ አልጠላሁም። ግን የጥቁር ተማሪዎች መሪ ነኝ እያለች ከስብሰባ ስብሰባ ትዞራለች። እሱን እንድትተወው ምከርልኝ። ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ።» እሺ አልኳቸው። ቡና ቀድተው የሰጡ እናት እምቢ አይባሉም። ልጅቷንም ፈልጌ አገኘኋትና ሁለት ሦስት ነገር ጠየቅኳት። የመለሰችልኝን በኋላ እነግራችኋለሁ።

የመጣሁት ስለ ሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ ስለ ብድርና ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ ልነግራችሁ ነበር። እሱን በወረቀት አሰናድቼዋለሁ፤ ስትወጡ በር ላይ ታገኙታላችሁ። ከእናቲቱ ጋር ከተነጋገርኩ ወዲህ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዷል። ስለ አንዲት ተማሪ ላጫውታችሁ።

ወደዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ፣ አሥራ አራተኛው ጎዳና አካባቢ፣ ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። ክፍያ የምቀበልባት ጎጆ ከአንድ ሰው በላይ አትይዝም። እግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ ጉልበቴ ላይ የውል ሕግ መጽሐፍ። ከዚያ ወጥቼ ጥቂት ከተራመድኩ አሥራ አራተኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት የሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ ላይ እደርሳለሁ። ዩ ስትሪትን የማያውቅ የዋሽንግተን አበሻ የለም። ወደ ዘጠነኛው ጎዳና ወረድ ሲባል ያሉትን ምግብ ቤቶቻችንን፣ ክትፎውን፣ የሌሊቱን ሙዚቃ ለእናንተ ወላጆች እኔ አልተርክላችሁም። ያንን መስቀለኛ መንገድ ስንት ሌሊት እንደተሻገርኩ እግዜር ይወቀው። እዚያ ላይ ምን እንደተደረገ ያወቅሁት ግን የጥብቅና ፈቃዴን ካገኘሁ በኋላ ነው። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ኤፕሪል 17 ቀን 1943። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በዚያ መስቀለኛ መንገድ ሊትል ፓላስ የሚባል ካፍቴሪያ ነበረ። ዙሪያው የጥቁሮች ሰፈር ነው፤ ካፍቴሪያው የሚያስተናግደው ግን ነጮችን ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሦስትም አራትም እየሆኑ፣ በመካከሉ ጥቂት ደቂቃ እያሳለፉ ገቡ። ምግብ ወደሚቀዳበት ሄደው በትሕትና ጠየቁ። አንሰጥም ተባሉ። ትሪያቸውን ባዶውን ይዘው ወደ ጠረጴዛ ሄዱና ተቀመጡ። ከቦርሳቸው መጽሐፍ፣ መጽሔት፣ እስክርቢቶ አውጥተው ማጥናት ጀመሩ። ሌሎች ገቡ፣ ጠየቁ፣ ተከለከሉ፣ ባዶ ትሪ ይዘው ተቀመጡ። አንድም ሰው ድምፁን አላነሳም። ከውጭ ደግሞ ጓደኞቻቸው ጽሑፍ ይዘው ይመላለሳሉ። አንዱ ጽሑፍ «አብረን እንሞታለን፤ አብረን ለምን አንበላም?» ይላል። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ወንድሞቻቸው ግንባር ላይ ናቸው። ሌላው ጽሑፍ ግን የእኔን የጠበቃ ልብ የወሰደው ነው፦ «በዋሽንግተን ዘር የሚለይ ሕግ የለም። የአንተ ምክንያት ምንድን ነው፣ ሊትል ፓላስ?»

ባለቤቱ የሚያደርገው ጠፋው። የሚያባርረው ረብሻ የለም፤ ተማሪ ሲያነብ ነው የሚያየው። በመጨረሻ ከመዝጊያው ሰዓት ብዙ ቀድሞ ቤቱን ዘጋ። ሰኞ ሰልፉ ቀጠለ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ካፍቴሪያው ጥቁር ደንበኞችን ማስተናገድ ጀመረ። የታሰረ ሰው አልነበረም።

ልብ በሉ፤ ሁላችንም በቴሌቪዥን የምናውቀው፣ ጥቁር ተማሪዎች በሰሜን ካሮላይናዋ ግሪንስቦሮ ያደረጉት የምግብ ቤት ቁጭታ የተደረገው በ1960 ነው። ይህ ከዚያ 17 ዓመት ይቀድማል።

ከጀርባ ሆና ነገሩን ካሰናዱት አንዷ የሕግ ተማሪ ናት። ስሟን በእኛ ፊደል ስጽፈው ፖሊ መሪ ይሆናል። አጋጣሚ ነው፤ የአባቷ ስም ነው፤ እኔ ግን በአማርኛ ሳነበው ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 32 ነበር። ሕግ ትምህርት ቤት ስትገባ ብዙ ሰው ተመርቆ የወለደበት ዕድሜ ላይ ነበረች። «አርጅቻለሁ» ብላችሁ የተቀመጣችሁ ወላጆች ካላችሁ ይህን ያዙልኝ።

ወደ ሕግ የመጣችበት መንገድ ቀጥ ያለ አይደለም። በ1938 ለሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አመለከተች፤ ያደገችበት ክፍለ ሀገር ነው። ከእርስዎ ዘር የሆኑትን አንቀበልም የሚል መልስ መጣላት። በ1940 ከጓደኛዋ ጋር በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ስትጓዝ ፒተርስበርግ፣ ቨርጂኒያ ላይ፣ ወደ ኋላ ሂዱና የተሰበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ ሲሏቸው አንሄድም በማለታቸው ታሰሩ። እዚህ ላይ አንድ የሕግ ብልጠት አለ። የታሰሩት በዘር መለያው ሕግ ምክንያት ነው፤ የተፈረደባቸው ግን ሰላም በማደፍረስ። ለምን? በዘር ሕጉ ቢፈረድባቸው ይግባኝ ብለው ሕጉን ራሱን ይሞግቱት ነበራ! ዳኛው በሩን ዘጋባቸው። ፖሊ የክፍል ውስጥ ትምህርት ሳትጀምር የመጀመሪያውን የሕግ ትምህርቷን እዚያ ወሰደች፦ የበደለህ ሕግ ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይቆምልህም።

በዚያው ዓመት ኦዴል ዋለር የሚባል የቨርጂኒያ የእኩል አራሽ ጉዳይ መጣ። ከነጭ ባለመሬቱ ጋር በስንዴ ድርሻው ተጣልቶ ገደለው፤ ሞት ተፈረደበት። እኩል አራሽ፣ ድርሻ፣ ባለመሬት ስል እዚህ ውስጥ ያሉ አንዳንድ አባቶች ፊታቸው ሲለወጥ አያለሁ፤ እኛም አገር ስንቱ በዚህ ተገዳድሏል። የፈረደበት ዳኞች ጉባኤ የተመረጠው የምርጫ ግብር ከከፈሉ ሰዎች ነው። ግብሩን መክፈል የማይችል ድሃ መምረጥም፣ በዳኝነት መቀመጥም አይችልም። ፖሊ ለይግባኙ ገንዘብ ለማሰባሰብ አገሩን ዞረች። በዚያ ሩጫ መካከል ሪችመንድ ላይ የሃዋርድ የሕግ መምህር ሊዮን ራንሰም ንግግሯን ሰማና ሕግ እንድትማር ገፋፋት፤ የትምህርት ዕድልም አገኘላት። በ1941 ገባች። ዋለር ግን ጁላይ 2 ቀን 1942 ተገደለ። ለሁለት ዓመት የለፋችበት ሰው፣ እሷ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆና፣ በኤሌክትሪክ ወንበር ሞተ።

ይህን የምነግራችሁ ስለ እሷ የሚወራው ሁሉ የድል ወሬ ስለሆነ ነው። እኔ መዝገቧን ሳገላብጥ የማየው ሽንፈት ነው፤ ከዚያ ሽንፈት፣ ከዚያ ደግሞ ሽንፈት።

ሃዋርድ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እኛም እዚያ ዘመድ አለን። ዶክተር መላኩ በያን እሷ ከመግባቷ ስድስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1935፣ ከዚያው ግቢ በሕክምና ተመርቆ ወደ ጦርነቱ ወደ አገሩ ሄዷል። እንግዲህ የገዛ ወገኗ ዘንድ ገባች፤ በዘር የሚያገላት የለም። በመጀመሪያው ሰሞን አንድ መምህር ክፍል ውስጥ ሴቶች ለምን ሕግ ትምህርት ቤት እንደሚመጡ አይገባኝም አለ፤ ወንዶቹ ሳቁ። በክፍሏ ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች። በኋላ ስትጽፈው፣ መምህሩ ያን ቀን አንደኛ እንድወጣ አደረገኝ ትላለች። ወጣችም። ራንሰም ራሱ፣ ያ ደጋግ መካሪዋ፣ በቤቱ ለወንድ ተማሪዎች ብቻ ግብዣ ሲያደርግ ለምን ብላ ጠየቀችው፤ እሱም ሳቀባት። ዘር የሚለየውን ሥርዓት አሜሪካውያን ጂም ክሮው ይሉታል፤ ፖሊ የሴቷን በደል «ጄን ክሮው» ብላ ስም አወጣችለት። ስም ማውጣት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ስም የሌለው በደል በፍርድ ቤት ቋንቋ የለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ባዶው ትሪ ልመለስ። ያ ቅዳሜ ከየት መጣ? በ1943 መጀመሪያ ላይ ሦስት የሃዋርድ ሴት ተማሪዎች ፔንሲልቫኒያ ጎዳና ላይ አንድ ሱቅ ገብተው ትኩስ ቸኮሌት አዘዙ። አንሰጥም ተባሉ፤ አንሄድም አሉ፤ ፖሊስ ተጠራ፤ ፖሊሱ ስጧቸው አለ። ተሰጣቸው። ሒሳቡ ሲመጣ የአሥር ሳንቲሙ ቸኮሌት ለእያንዳንዳቸው 25 ሳንቲም ሆኗል። ሦስቱ 35 ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። በር ላይ ተያዙና ታሰሩ።

በሰው አሥራ አምስት ሳንቲም! እኔ ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ትል ነበር። እናንተ ልጆች ጭብጦ ላታውቁ ትችላላችሁ፤ ለመንገድ የምትያዝ ትንሽ ዳቦ ናት። በቅሎ ደግሞ በዚያ ዘመን እንደ ዛሬ መኪና ናት። እንግዲህ ትርጉሙን አስቡት። ዳኛ ፊት ተከራክሮ በቅሎውን ያጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ ጭብጦውን በጉልበት የተነጠቀ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የለውም። ሦስቱ ተማሪዎች የተከለከሉት ጭብጦ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣ።

እንቅልፍ ያጣ ተማሪ የሚያደርገውን እኔ አውቃለሁ። አዲስ አበባ በተማርኩበት ዘመን የተማሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። እኛ ቢሆን በማግስቱ መፈክር ጽፈን፣ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኸን፣ በሦስተኛው ቀን መግለጫ አውጥተን፣ በአራተኛው ቀን በመግለጫው ቃላት ተጣልተን ለሁለት ተከፍለን ነበር። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ አልዋሽም።

ፖሊና ጓደኞቿ ያደረጉት ሌላ ነው። መጀመሪያ ሕጉን አነበቡ። ዋሽንግተን ውስጥ ምግብ ቤት ጥቁር እንዳያስተናግድ የሚያዝ ሕግ አለ ወይ? የለም። ሰልፍ መውጣት ይፈቀዳል ወይ? ፖሊስ ሰላም ማደፍረስ የሚለው ምን ምን ሲደረግ ነው? ፒተርስበርግ ላይ የተፈረደባትን አልረሳችውም። ስለዚህ ያቺን ቃል የሚያስጠራ ነገር አንድ በአንድ ተነቀሰ፦ ጮክ ያለ ንግግር የለም፣ ሳቅ የለም፣ መልስ መስጠት የለም፣ ልብስ የሰንበት ልብስ። መምህራቸውን ራንሰምን አማከሩ። ለወረቀትና ለቀለም ሳንቲም አዋጡ። ሰልፍ አወጣጥን እርስ በርስ ተለማመዱ። ወንዶቹ አብዛኞቹ ለጦርነቱ ስለተመለመሉ ሥራውን በብዛት የያዙት ሴቶች ናቸው። ያ ጸጥታ፣ ያ መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ፣ ከሩቅ ለሚያይ ጨዋነት ይመስላል። ለእኔ የመከላከያ መልስ ነው፤ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሰው ወንበር ላይ የተጻፈ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በኤፕሪል 1944፣ ወደ መሐል ከተማ ወረዱ። ቶምፕሰን የሚባለው ካፍቴሪያ የመንግሥት ሠራተኞች የሚበሉበት፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቺካጎ የሆነ ድርጅት ነው። ሃምሳ የሚሆኑ ተማሪዎች እንደ ልማዳቸው ሁለት ሦስት እየሆኑ ገቡ፤ ባዶ ትሪ፣ መጽሐፍ፣ ጸጥታ። ገበያው ወደቀ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ከቺካጎ ትእዛዝ መጣ፦ አስተናግዷቸው። በሉ።

ያ ደስታ ግን አልቆየም። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር አቁሙ አላቸው። ሃዋርድ ከበጀቱ የሚበልጠውን የሚያገኘው ከኮንግረስ ነው፤ በሴኔቱ የዋሽንግተንን ጉዳይ የሚመራው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ደግሞ የሚሲሲፒው ቢልቦ ነው፤ ጥቁሮችን ወደ አፍሪካ እንላካቸው የሚል ሰው። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ፈሩ። ልፈርድባቸው እችላለሁ? በሺህ የሚቆጠር ተማሪ የሚያስተምር ሰው ነው፤ በጀቱ ቢቆረጥ ማን ይከፍላል? ተማሪዎቹ ግን ተቃጠሉ። ቶምፕሰንም ሰልፈኛ እንደማይመጣ ሲያውቅ ወደ ድሮው ተመለሰ። ጭብጦዋ እንደገና ተነጠቀች።

አሁን ሁሉም ንግግር አድራጊ የሚዘለውን ነገር ልንገራችሁ። ያ ሁሉ ሲሆን ዋሽንግተን ውስጥ ሕግ ነበረ! በ1872 እና በ1873 የከተማው ምክር ቤት ምግብ ቤቶች ማንንም በዘሩ እንዳይከለክሉ ደንግጎ ነበር። ሕጎቹን የሻረ ማንም የለም። ዝም ብለው ከሕግ መድበሉ ውስጥ ወጡ፤ ተረሱ። የተማሪዎቹ ጽሑፍ «ዘር የሚለይ ሕግ የለም» ይል ነበር፤ እውነቱ ከዚያም ያለፈ ነበር፤ መለየትን የሚከለክል ሕግ አቧራ ለብሶ ተኝቶ ነበር። በ1950 የመብት ታጋይዋ ወይዘሮ ሜሪ ቸርች ተሬል፣ በ86 ዓመታቸው፣ በትራቸውን ይዘው ወደ አንዱ የቶምፕሰን ቅርንጫፍ ሄዱና ሾርባ ጠየቁ። ተከለከሉ። አቤት አሉ፤ ከተማው ድርጅቱን ከሰሰ። ጉዳዩ ሦስት ዓመት ወስዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ጁን 8 ቀን 1953 በጉዳዩ የተቀመጡት ስምንቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ የ1873ቱ ሕግ ዛሬም ሕያው ነው አሉ። እመቤቲቱ ከቀናት በኋላ ቶምፕሰን ተመልሰው በሉ።

የአያቴን ተረት የምጠራጠረው እዚህ ላይ ነው። ተረቱ ፍርድ ካለ በቅሎዋም ትሂድ ይላል። ፍርዱ ራሱ ነጣቂ ቢሆንስ? በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፕሌሲ ጉዳይ ጥቁርና ነጭን መለየት ይቻላል፤ የሚሰጣቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ብሎ ፈረደ። ያን ያህል ዘመን የደቡብ ጥቁር በቅሎውን የተነጠቀው በፍርድ፣ በማኅተም፣ በመዝገብ ቁጥር ነው። ጎበዞቹ ጠበቆች የሚከራከሩት «እኩል» በሚለው ቃል ላይ ነበር፦ ትምህርት ቤቱ እኩል አይደለም፣ አውቶቡሱ እኩል አይደለም፣ አሻሽሉት። ፖሊ በመጨረሻ ዓመቷ ክፍል ውስጥ ተነሥታ «እኩል»ን ትተን «መለየት»ን ራሱን ለምን አንመታም አለች። መለየቱ ራሱ ነው ሰውን የሚያሳንሰው። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ያልበሰለ ሐሳብ ነው፣ ፍርድ ቤቱ ፕሌሲን ያጠናክረዋል አሏት። እሷም ከመምህሯ ከስፖትስዉድ ሮቢንሰን ጋር በአሥር ዶላር ተወራረደች፦ በ25 ዓመት ውስጥ ፕሌሲ ይሻራል። ከዚያም ሐሳቡን በሴሚናር ጽሑፍ አድርጋ ሰጠች፤ ተመረቀች፤ ሄደች።

ከክፍሏ አንደኛ ስለወጣች ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ሃርቫርድ አመለከተች። የሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ሴት አይቀበልም ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት፣ ራሳቸው የሃርቫርድ ተማሪ የነበሩት፣ ደብዳቤ ጻፉላት፤ አልረዳትም። ለሃርቫርድ የመለሰችው መልስ ለጠበቃ ሁሉ ማስተማሪያ ነው፦ ጾታዬን ለመለወጥ ፈቃደኛ ነበርኩ፣ መንገዱ ስላልተገለጠልኝ እናንተ ሐሳባችሁን ለውጡ፤ ወይስ ሁለቱም እኩል ይከብዳሉ? አልለወጡም። ወደ በርክሌይ ሄደች። በ1951 የየክፍለ ሀገሩን የዘር ሕጎች በሙሉ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ሰብስባ አወጣች፤ ከሰባት መቶ ገጽ በላይ ነው። የጥቁሮችን የመብት ክርክር ይመራ የነበረው ጠበቃ ተርጉድ ማርሻል የሲቪል መብት ጠበቆች መጽሐፍ ቅዱስ ነው ብሎታል። ያን መጽሐፍ አንድ ቀን ፈልጉና ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑት። ማይክሮፎን የሚወድ መሪ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም።

ውርርዱ ምን ሆነ? ሮቢንሰን ከማርሻል ጋር፣ በትምህርት ቤት መለየትን ለሚሞግተው ለብራውን ክርክር ሲዘጋጅ፣ ያንን የተማሪ ጽሑፍ ከመሳቢያው አወጣው። ሜይ 17 ቀን 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት መለየት በራሱ እኩልነትን የሚያፈርስ ነው ብሎ ወሰነ። ሃያ አምስት ዓመት የተባለው በአሥር ዓመት ደረሰ። ፖሊ ጽሑፏ እንዴት እንደዋለ ያወቀችው ግን ከውሳኔው ዓመታት በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ ወደ ሃዋርድ ተመልሳ ሮቢንሰንን ስታገኘው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ የሳቁባት ወረቀት ሥራ ሲሠራ አልነገሯትም። በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነችው ጠበቃ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ግን በ1971 የሴቶችን እኩልነት ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባቀረበችው ጽሑፍ ሽፋን ላይ የፖሊን ስም አስቀመጠች፤ ፖሊ አንዲት መስመር አልጻፈችበትም፤ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ይታወቅ ብላ ነው። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው፤ እመኑኝ።

አሁን ወላጆች፣ በልባችሁ የምትሉትን እሰማለሁ። «ይህ የእነሱ ታሪክ ነው፤ እኛ አበሾች ነን።» በአክብሮት ልመልስ። የሊትል ፓላስ ባለቤት የትውልድ ሐረግ አይጠይቅም ነበር። በ1961 የቻድ አምባሳደር በመኪና ወደ ዋሽንግተን ሲጓዙ፣ እዚሁ እኛ ያለንበት ሜሪላንድ ውስጥ፣ በ40 ቁጥር መንገድ ላይ ቡና ተከልክለዋል። አምባሳደር ናቸው፤ ባንዲራ አላቸው። የመጣንበትንም በር አስታውሱ። በ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት መቶ ሰው ነበር። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ያለነው ከዚያ እንበልጣለን። ያ የኮታ ሥርዓት የተሻረው በ1965 ነው፤ የምርጫ መብት ሕጉ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በዚያው ምክር ቤት። አጋጣሚ ነው የሚል ካለ ከስብሰባው በኋላ ልከራከረው ዝግጁ ነኝ።

ወደ እናቲቱ ልመለስና ላብቃ። ፖሊን ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ እናቷ የሞተችው ፖሊ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አክስቷ ደርሃም ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። ፖሊ ለሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ማመልከቷ በጋዜጣ ሲወጣ አክስቲቱ ደነገጠች፤ ነገሩ እኔንም ያስቸግረኛልና ተጠንቀቂ ብላ ጻፈችላት። ሥራ አላት፣ ቤት አላት፣ ጎረቤት አላት። እናቴ፣ ኮረንቲውን የፈሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም። እኔም ልጅ አለኝ፤ እንደ እርስዎ ነው የምፈራው።

ልጅዎን ያልኳትን ልንገርዎ። የምትታገሉት ስለ ምንድን ነው አልኳት። ማታ ማታ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ የግቢው ጥበቃ ጥቁሮችን ብቻ እየለየ መታወቂያ ይጠይቃል አለችኝ። እንግዲህ ጠበቃው ተነሣብኝ፦ ስንት ጊዜ? መቼ መቼ? ማን አየ? አንገቷን ትደፋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ስልኳን አወጣች። ቀን፣ ሰዓት፣ የበሩ ቁጥር፣ አብረው የገቡትና ያልተጠየቁት ስንት እንደሆኑ፣ ሁሉም በሠንጠረዥ ተሰድሯል፤ ከመስከረም ጀምሮ። አንዲት ነገር ብቻ ጎድሎ ነበር። የጥበቃውን የሥራ መመሪያ አላነበበችም፤ መታወቂያ መጠየቅ የሚፈቀድለት መቼ መቼ እንደሆነ አታውቅም። ሰኞ ጠዋት መመሪያውን በጽሑፍ እንድትጠይቅ ነግሬያታለሁ፤ ማመልከቻውን አብረን እናረቃለን።

ይህንንም ለእናቷ ነግሬያቸው ነው እዚህ የወጣሁት። ሁለተኛውን ቡና አልቀዱልኝም።